ጋዞች ከጥቃቅን የብረታ ብረት ቅይጥ ክላስተሮች ገጽ ጋር የሚያደርጉትን መስተጋብር በስሌት ማጥናት፦ ዝርዝር መመሪያ

አንድ የጋዝ ሞለኪውል በሰፊ የሜታል ዝርግ ላይ ሲያርፍ ዝርጉ እምብዛም አይናወጥም፤ ከሥሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው አቶሞች ደግፈውታልና። ያው ሞለኪውል 13 አቶሞች ብቻ ባሉት ክላስተር፣ ማለትም በጥቂት አቶሞች ስብስብ፣ ላይ ሲያርፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክላስተሩ ቅርጹን ሊለውጥ፣ አቶሞቹ ቦታ ሊለዋወጡ፣ ኤሌክትሮኖቹም እንደገና ሊደላደሉ ይችላሉ፤ በመጣበቁ ምክንያት የሚወጣው ሙቀት ደግሞ የሚሄድበት ስለማያገኝ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ይህን መስተጋብር የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ሐሳብ፣ ክላስተሩ ጋዙን ዝም ብሎ የሚቀበል መደብ ሳይሆን ከጋዙ ጋር አብሮ የሚለወጥ አካል መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች በአብዛኛው ይህን ለውጥ ሳያመልጥ ለመያዝ የታሰቡ ናቸው።

መመሪያው መሠረታዊ ኬሚስትሪ ለሚያውቁና የኤሌክትሮን መዋቅር ስሌት ለመጀመር ለተዘጋጁ አንባቢያን የተጻፈ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምሳሌነት የምንከተለው፣ 7 የፓላዲየምና 6 የወርቅ አቶሞች ያሉት ክላስተር ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ነው። ይህን ምሳሌ የመረጥሁበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይድን አጥብቆ ሲይዝ ወርቅ የሚይዘው በላላ ሁኔታ በመሆኑ፣ አንድ አቶም በቦታው መኖሩና አለመኖሩ የሚያመጣው ልዩነት በቁጥር ጎልቶ ይታያል። በተጨማሪም ሞለኪውሉ የሚነዝርበት ፍሪኩዌንሲ የት ቦታ እንደተጣበቀ ስለሚናገር ስሌቱን ከሙከራ ጋር ለማስተያየት ያመቻል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ማጥበብ

«ጋዝ ከክላስተር ጋር እንዴት ይገናኛል?» የሚለው ጥያቄ እንዲሁ ለስሌት አይመችም። ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት አራት ነገሮችን በጽሑፍ ይወስኑ፦ የትኛው ጋዝ እንደሆነ፣ የትኞቹ ሜታሎች በምን ያህል ቁጥር እንደሚገቡ፣ ክላስተሩ ቻርጅ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን፣ በመጨረሻም ብቻውን በባዶ ቦታ የሚንሳፈፍ ነው ወይስ እንደ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ባለ ደጋፊ ላይ የተቀመጠ ነው የሚለውን።

የቻርጁን ጉዳይ እንደ ጥቃቅን ዝርዝር አይመልከቱት። አሉታዊ ቻርጅ ባላቸው ትናንሽ የወርቅ ክላስተሮች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ 2፣ 4 ወይም 6 አቶም ያላቸው፣ ማለትም የአቶማቸው ቁጥር ተጋማሽ የሆነው፣ የኦክስጅን ሞለኪውልን ሲይዙ በመካከላቸው ያሉት ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ግን አይዙም። ልዩነቱ የሚመጣው ከአንድ ኤሌክትሮን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ስላላቸው ለኦክስጅኑ ለመስጠት ይቀላቸዋል። አንድ አቶም መጨመር ወይም አንድ ኤሌክትሮን መቀነስ ባሕርይን ከሥር እስከ ላይ ሊቀይር የሚችልበት ዓለም ውስጥ መሆናችንን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የመጠኑም ነገር እንዲሁ ነው። ሃያ ጎን ባለው ቅርጽ፣ ማለትም በአይኮሳሄድሮን፣ ከተደረደሩ 13 አቶሞች 12ቱ በገጽ ላይ ናቸው፤ ከ55ቱ 42ቱ፣ ከ147ቱ ደግሞ 92ቱ። ክላስተሩ እያነሰ በሄደ ቁጥር «ገጽ» እና «ውስጥ» የሚለው ልዩነት ራሱ እየጠፋ ይሄዳል።

ደረጃ 2፦ የስሌት ዘዴውን መምረጥና መፈተን

ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ዴንሲቲ ፋንክሽናል ቲዮሪ የሚባለው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሆሄንበርግና ኮን፣ በ1965 ደግሞ ኮንና ሻም መሠረቱን የጣሉት ይህ ዘዴ፣ የብዙ ኤሌክትሮኖችን ውስብስብ ችግር በኤሌክትሮን ጥግግት አማካይነት እንዲፈታ ያደርጋል፤ ዋልተር ኮንም ለዚሁ ሥራቸው በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ዘዴው በመርህ ደረጃ ትክክለኛ ቢሆንም በተግባር የምንጠቀምበት ፋንክሽናል፣ ማለትም ከኤሌክትሮን ጥግግቱ ኢነርጂውን የሚያወጣው ቀመር፣ ግን ግምት ነው፤ የፋንክሽናሉ ምርጫም ውጤቱን ይወስናል።

ለመጀመሪያ ሥራ ፒ.ቢ.ኢ. የሚባለው የ1996 ፋንክሽናል በቂ ነው፤ ሆኖም ጋዞችን ከሚገባው በላይ አጥብቆ የማጣበቅ ዝንባሌ እንዳለው ይወቁ። ይህንኑ ለማረም በ1999 የወጣው አር.ፒ.ቢ.ኢ. የመጣበቁን ጥንካሬ ይቀንሳል። የእኔ ምክር በሁለቱም አስልቶ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የጥርጣሬዎ ስፋት አድርጎ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በስፋት ውይይት የተነሣበት የፕላቲነም ጉዳይ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፦ በተለመዱት ፋንክሽናሎች ሲሰላ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥቅጥቅ ብለው በተደረደሩ የፕላቲነም አቶሞች ገጽ ላይ በሦስት አቶሞች መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ማረፍን ይመርጣል፤ በሙከራ ግን የሚገኘው በአንድ አቶም አናት ላይ ነው። የሁለት ቦታዎች ኢነርጂ ልዩነት ከ0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ካነሰ፣ በአንድ ፋንክሽናል ብቻ ተደግፎ የትኛው እንደሚመረጥ መፍረድ አይገባም።

ወርቅ ከባድ አቶም በመሆኑ የአንጻራዊነት ተፅዕኖ በኬሚስትሪው ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ይህን ችላ የሚል ስሌት ስለ ወርቅ የሚናገረው ሁሉ አያስተማምንም። በተግባር ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ 60 የውስጥ ኤሌክትሮኖችን በአንድ ውጤታማ ፖቴንሻል ተክቶ 19ኙን ብቻ በግልጽ የሚያሰላ፣ አንጻራዊነትን ያካተተ ዝግጁ ፖቴንሻል መጠቀም ይበቃል።

ከሶፍትዌር በኩል ኳንተም ኤስፕሬሶ፣ ጂ.ፓው እና ሲ.ፒ.2.ኬ. በነፃ የሚገኙና ምንጫቸው ክፍት የሆኑ ናቸው፤ ኦርካ ለትምህርት ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ክላስተሩን ለመገንባትና ስሌቶቹን በሰልፍ ለማስኬድ ኤ.ኤስ.ኢ. የተባለው የፓይተን ስብስብ ብዙ ድካም ይቀንሳል። በፕሌን ዌቭ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን ሣጥኑን በሚሞሉ ማዕበሎች ድምር በመግለጽ፣ የሚሠራ ፕሮግራም ከመረጡ ክላስተሩን በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 10 አንግስትሮም ባዶ ቦታ በሚተው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሣጥኑን ያለማቋረጥ ስለሚደግመው፣ ጠባብ ሣጥን ክላስተሩን ከራሱ ምስል ጋር ያነካካዋል። ቻርጅ ያለው ክላስተር ከሆነ ደግሞ ይህ ችግር ስለሚብስ፣ በአቶም ላይ በተተከሉ ቤሲስ ሴቶች (ኤሌክትሮኖችን ለመግለጽ በሚያገለግሉ የሒሳብ ቀመሮች ስብስቦች) የሚሠራ እንደ ኦርካ ያለ ፕሮግራም መምረጡ የተሻለ ነው።

ከዚያም ይፈትኑ። የሣጥኑን ስፋት፣ የፕሌን ዌቩን የኢነርጂ ወሰን (ምን ያህል ማዕበሎች እንደሚገቡ የሚወስነውን) ወይም የቤሲስ ሴቱን መጠን ደረጃ በደረጃ እያሳደጉ የመጣበቅ ኢነርጂው ከ0.02 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ መለወጡን እስኪያቆም ይቀጥሉ። የሚፈተነው የመጣበቅ ኢነርጂው እንጂ የክላስተሩ ጠቅላላ ኢነርጂ አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ ጠቅላላ ኢነርጂ ዘግይቶ ሲረጋ ልዩነቱ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይረጋል።

ደረጃ 3፦ ነፃውን ጋዝ ማስላት

ይህ ደረጃ አጭር ነው፤ ግን አይዝለሉት። ካርቦን ሞኖክሳይድን ብቻውን በሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ቅርጹን ያመቻቹ፣ ማለትም ኢነርጂው ዝቅተኛ እስኪሆን አቶሞቹን ያንቀሳቅሱ። የሚያገኙት የቦንድ ርዝመት በሙከራ ከሚታወቀው 1.128 አንግስትሮም አንድ በመቶ ያህል ብቻ ሊርቅ ይገባል፤ የንዝረቱ ፍሪኩዌንሲም በሙከራ 2143 በሴንቲሜትር (cm⁻¹) ነው። የራስዎ ስሌት የሰጠውን ቁጥር መዝግበው ያስቀምጡት፤ ኋላ ላይ ከእሱ አንጻር የሚለካ ነገር አለ።

ጋዙ ኦክስጅን ቢሆን ኖሮ ሁለት ተጨማሪ ጥንቃቄዎች ያስፈልጉ ነበር። አንደኛ፣ የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ስላሉት ስፒኑ በትሪፕሌት ሁኔታ፣ ማለትም የሁለቱ ስፒን በአንድ አቅጣጫ ሆኖ፣ መሰላት አለበት። ሁለተኛ፣ ፒ.ቢ.ኢ. የኦክስጅንን ቦንድ እጅግ ያጠነክረዋል፤ ሞለኪውሉን ወደ ሁለት አቶሞች ለመለያየት በሙከራ 5.2 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲያስፈልግ ፒ.ቢ.ኢ. ግን 6.2 ገደማ ይሰጣል። ይህ የአንድ ኤሌክትሮን ቮልት ስሕተት ኦክስጅን በሚሰነጠቅበት ምላሽ ሁሉ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚገባ፣ ካልታረመ የምላሹን ሙቀት ያዛባዋል።

ደረጃ 4፦ ባዶውን ክላስተር ማግኘት

ከጠቅላላው ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚወስደውና የሚወስድም ሊሆን የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። ጀማሪዎች አንድ የሚያምር ቅርጽ ሠርተው፣ አመቻችተው፣ ወዲያው ጋዝ ወደ ማጣበቅ ይሮጣሉ። የጀመሩበት ክላስተር ትክክለኛው ዝቅተኛ ኢነርጂ ያለው ካልሆነ ግን፣ ጋዙ ሲጠጋ ክላስተሩ ወደ ተሻለ ቅርጽ ይወድቅና የተለቀቀው ኢነርጂ በሙሉ በመጣበቅ ስም ይመዘገባል። ከእውነታው በላይ ጠንካራ ሆነው የሚገኙ የመጣበቅ ኢነርጂዎች አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

በቅይጥ ክላስተር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፍለጋዎች አሉ። የመጀመሪያው የቅርጽ ፍለጋ ነው፦ አይኮሳሄድሮን፣ የተቆረጠ ኩብ፣ ጠፍጣፋ፣ ወይም ምንም ዓይነት ሥርዓት የሌለው። ትናንሽ የወርቅ ክላስተሮች ጠፍጣፋ መሆንን እንደሚመርጡ ይታወቃል፤ 20 አቶም ያለው የወርቅ ክላስተር ደግሞ ባለ አራት ፊት ፒራሚድ ነው። ስለዚህ «13 ከሆነ አይኮሳሄድሮን ነው» ብሎ መነሣት አያዋጣም። ሁለተኛው ፍለጋ በአንድ ቅርጽ ውስጥ የትኛው አቶም የት እንደሚቀመጥ መወሰን ነው። በአንድ ቅርጽ ላይ በአቶሞች አቀማመጥ ብቻ የሚለያዩ መዋቅሮች ሆሞቶፕ ይባላሉ።

የሆሞቶፖችን ብዛት በምሳሌያችን ላይ እንቁጠር። 6 የወርቅ አቶሞችን በ13 ቦታዎች ላይ ማስቀመጥ የሚቻለው በ1716 መንገድ ነው። ክላስተሩ ፍጹም አይኮሳሄድሮን ከሆነ ግን በመሽከርከርና በመስታወት ነጸብራቅ አንድ ዓይነት የሚሆኑትን ስናጣምር የሚቀሩት 30 ብቻ ናቸው፦ 18ቱ ፓላዲየም መካከል ላይ ያለባቸው፣ 12ቱ ደግሞ ወርቅ መካከል ላይ ያለባቸው። 30 መዋቅሮችን በሙሉ ማስላት ይቻላል፤ በመሆኑም አንዱንም ሳይተዉ ያስሏቸው። በ55 አቶሞች ግን እኩል ገደማ ቅይጥ የሚሰጠው የአቀማመጥ ብዛት በ10 ኃይል 15 ደረጃ ስለሆነ፣ እንደ ጄኔቲክ አልጎሪዝም ወይም ቤዚን ሆፒንግ ያሉ የፍለጋ ዘዴዎች ግድ ይሆናሉ። እነዚህንም በመጀመሪያ በርካሽ የአቶም ለአቶም ፖቴንሻል ማስኬድ፣ ከዚያ የተሻሉትን ጥቂት ደርዘን መዋቅሮች በዴንሲቲ ፋንክሽናል ማጣራት የተለመደ አካሄድ ነው።

ፍለጋውን ለመምራት የሚረዱ ሁለት አካላዊ ምክንያቶች አሉ። የገጽ ኢነርጂው ዝቅ ያለው ሜታል ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋል፤ አነስተኛ አቶም ያለው ደግሞ በተጨናነቀው መካከል መቀመጥ ይቀለዋል። የወርቅ የገጽ ኢነርጂ በካሬ ሜትር ወደ 1.5 ጁል ሲሆን የፓላዲየም 2 ገደማ ነው፤ የፓላዲየም አቶምም ከወርቅ ያንሳል። ስለዚህ በባዶ ቦታ ውስጥ ሁለቱም ምክንያቶች ወርቅን ወደ ውጭ፣ ፓላዲየምን ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ይህን በአእምሮዎ ይያዙት፤ ጋዙ ሲመጣ ይገለበጣል።

ስፒንንም አይርሱ። ፓላዲየም በትልቅ መጠን ማግኔታዊ ባይሆንም ትናንሽ ክላስተሮቹ ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ሊኖሯቸው ይችላሉ። በምሳሌያችን ፓላዲየም 10 ወርቅ ደግሞ 11 የውጭ ኤሌክትሮኖችን ስለሚያዋጡ ድምሩ 136 ነው፤ ተጋማሽ ቁጥር በመሆኑ የስፒን መልቲፕሊሲቲው (ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ብዛት ሲደመር አንድ) 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ተስፋ ሰጪ መዋቅር ቢያንስ እነዚህን አራቱን ያስሉ። ጋዙ ከተጣበቀ በኋላም ይህንኑ ይድገሙ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የክላስተሩን ስፒን ዝቅ ማድረጉ የተለመደ ነውና።

በዚህ ደረጃ መጨረሻ በእጅዎ ያለው አንድ መዋቅር ሳይሆን ዝርዝር መሆን አለበት። ከዝቅተኛው በ0.2 ወይም 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት ውስጥ ያሉትን ሁሉ አቆይተው ወደሚቀጥለው ያሳልፉ፤ ጋዙ የሚመርጠው ከዝርዝሩ ሁለተኛውን ወይም አምስተኛውን ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 5፦ የማረፊያ ቦታዎችን መዘርዘር

በዝርዝሩ ውስጥ ባለው እያንዳንዱ ክላስተር ላይ ሦስት ዓይነት ማረፊያዎች አሉ፦ የአንድ አቶም አናት፣ በሁለት አቶሞች መካከል ያለው ድልድይ፣ በሦስት አቶሞች መካከል ያለው ጎድጓዳ። በቅይጥ ላይ እነዚህ እንደገና ይከፋፈላሉ፤ ሦስት ፓላዲየም ያለበት ጎድጓዳ፣ ሁለት ፓላዲየምና አንድ ወርቅ ካለበት ጎድጓዳ ጋር አንድ አይደለም። እንዲሁም ከሥሩ ወርቅ ያለበት የፓላዲየም አናት ከሥሩ ፓላዲየም ካለበት ይለያል። ሁሉንም በስም ወይም በቁጥር ለይተው ይመዝግቡ።

ሞለኪውሉን በካርቦኑ በኩል ወደ ሜታሉ አዙረው፣ ከአናት ከሆነ 1.9 አንግስትሮም ያህል አርቀው ያስቀምጡት፤ ጥቂትም ዘንበል ያድርጉት። ፍጹም ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሞለኪውል በሲሜትሪ ተይዞ፣ መረጋጋት የማይገባው ቦታ ላይ ተረጋግቶ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ሁሉንም አቶሞች ነፃ አድርገው ያመቻቹ። በዝርግ ገጽ ሥራ የለመዱ ሰዎች የታችኛውን ረድፍ አቶሞች ማሰር ስለለመዱ እዚህም ክላስተሩን አስረው ጋዙን ብቻ ሊያንቀሳቅሱ ይፈልጋሉ። ይህን አያድርጉ። በእያንዳንዱ አቶም ላይ ያለው ጉልበት ከ0.02 ኤሌክትሮን ቮልት በአንግስትሮም በታች እስኪወርድ ድረስ ሁሉም ይንቀሳቀስ።

ሲጨርሱ የመጨረሻውን መዋቅር በዓይንዎ ይመልከቱ። በድልድይ ላይ የጀመረው ሞለኪውል ወደ ጎድጓዳ ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን በፋይሉ ላይ «ድልድይ» ተብሎ ይቀራል። ውጤቱን በጀመረበት ሳይሆን በጨረሰበት ቦታ ይሰይሙት።

ደረጃ 6፦ የመጣበቅ ኢነርጂውን ማስላትና መበተን

ቀመሩ አጭር ነው፦

የመጣበቅ ኢነርጂ = ጋዝ የተጣበቀበት ክላስተር ኢነርጂ − የባዶ ክላስተር ኢነርጂ − የነፃ ጋዝ ኢነርጂ

በዚህ አጻጻፍ አሉታዊ ቁጥር መጣበቅን ያመለክታል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ምልክቱን ገልብጠው ስለሚጽፉ፣ የራስዎን አጻጻፍ በግልጽ ያስፍሩ። የባዶው ክላስተር ኢነርጂም በደረጃ 4 የተገኘው የዝቅተኛው መዋቅር መሆን አለበት እንጂ የተጣበቀበት ሆሞቶፕ ብቻ መሆን የለበትም። ሁለቱንም ቢዘግቡ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በጠፍጣፋ የፓላዲየም ገጽ ላይ ጥቂት ሆኖ ሲጣበቅ ጥንካሬው 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ሲሆን፣ በወርቅ የጠርዝ አቶሞች ላይ 0.5 ገደማ ነው። በክላስተርዎ ላይ የሚያገኙት ከዚህ ቢለይ አይገርምም፤ በሦስት እጥፍ ቢለይ ግን ስሕተት ይፈልጉ።

አሁን ይህን አንድ ቁጥር ይበትኑት። ጋዙ የተጣበቀበትን መዋቅር ይውሰዱ፤ ጋዙን አንሥተው ክላስተሩን በዚያው በተዛባ ቅርጹ፣ ሳያመቻቹ፣ ኢነርጂውን ያስሉ። ከተመቻቸው ባዶ ክላስተር ጋር ያለው ልዩነት ክላስተሩ ለመዛባት የከፈለው ዋጋ ነው። ለጋዙም እንዲሁ ያድርጉ። ከጠቅላላው ላይ እነዚህን ሁለቱን ሲቀንሱ የሚቀረው በተዛባው ክላስተርና በተዛባው ጋዝ መካከል ያለው ንጹሕ ትስስር ነው። እንበልና ሁለት ቦታዎች እኩል −1.2 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሰጡ፣ በአንዱ ትስስሩ −1.3 ሆኖ መዛባቱ 0.1፣ በሌላው ትስስሩ −1.8 ሆኖ መዛባቱ 0.6 ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ሁለተኛው ክላስተር በጋዙ ምክንያት ቅርጹን እየቀየረ ያለ ክላስተር ነው። ይህን ብተና የማይሠሩ ጽሑፎች የጉዳዩን ግማሽ ይተዋሉ ብዬ አምናለሁ።

በአቶም ላይ የተተከሉ ቤሲስ ሴቶችን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ክላስተሩ የጋዙን ቤሲስ በመዋስ ትስስሩን ከሚገባው በላይ ያጠነክራል። ቦይስና ቤርናርዲ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረቡት መንገድ፣ የሌላኛውን ወገን አቶሞች ያለ ኒውክሊየስና ያለ ኤሌክትሮን በቦታቸው አስቀምጦ በማስላት ይህን ማረም ይቻላል። በፕሌን ዌቭ ይህ ችግር የለም።

ደረጃ 7፦ ንዝረቱን ማስላት

የንዝረት ስሌት ሁለት ጥቅም አለው። የመጀመሪያው፣ ያገኙት መዋቅር እውነተኛ ዝቅተኛ ነጥብ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ አንድም ምናባዊ ፍሪኩዌንሲ ካለ መዋቅሩ ኮረብታ ላይ እንጂ ሸለቆ ውስጥ አይደለም፤ በዚያው ንዝረት አቅጣጫ ገፋ አድርገው እንደገና ያመቻቹት።

ሁለተኛው ጥቅም ከሙከራ ጋር መነጋገር ነው። ብላይሆልደር እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስረዱት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በካርቦኑ በኩል ካለው የተሞላ ኦርቢታል ለሜታሉ ኤሌክትሮን ሲሰጥ፣ ሜታሉ ደግሞ ከዲ ኦርቢታሎቹ ወደ ሞለኪውሉ ባዶ ጸረ-ቦንድ ኦርቢታል ይመልሳል። የሚመለሰው በበዛ ቁጥር በካርቦንና በኦክስጅን መካከል ያለው ቦንድ ይላላል፣ ፍሪኩዌንሲውም ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በፓላዲየም ላይ አናት ላይ ያለው ከ2050 እስከ 2110፣ በድልድይ ያለው ከ1900 እስከ 2000፣ በጎድጓዳ ያለው ከ1800 እስከ 1900 በሴንቲሜትር አካባቢ ይታያል። የስሌትዎን ቁጥር በቀጥታ ከሙከራ ጋር ከማስተያየት ይልቅ፣ በደረጃ 3 ከመዘገቡት የነፃ ጋዝ ቁጥር ምን ያህል እንደወረደ አስልተው ያንኑ ዝቅታ ከሙከራው 2143 ላይ ይቀንሱ፤ የፋንክሽናሉ ቋሚ ስሕተት በአብዛኛው በዚህ ይሰረዛል።

እዚህ ላይ የቅይጡ ባሕርይ ፍንትው ብሎ ይታያል። የወርቁ መጠን ሲጨምር ሦስት ጎረቤታሞች ፓላዲየሞች በአንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ይጠፋል፣ ከዚያም ሁለት ጎረቤታሞች፤ በመጨረሻ በወርቅ የተከበበ ብቸኛ ፓላዲየም ይቀራል። ካርቦን ሞኖክሳይዱም ከጎድጓዳ ወደ ድልድይ፣ ከድልድይ ወደ አናት ይገፋል፤ ፍሪኩዌንሲውም ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ይህ የስብስብ ተፅዕኖ ይባላል፤ የወርቁ ሥራ ፓላዲየሞቹን ማለያየት ብቻ ነው። ከዚህ የሚለየው የጎረቤት ተፅዕኖ ሲሆን፣ ወርቁ የፓላዲየሙን ኤሌክትሮኖች ራሳቸውን ሲለውጥ የሚመጣ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ዓይነት ማረፊያ፣ ለምሳሌ የፓላዲየም አናት፣ ይዘው ጎረቤቶቹን ብቻ እየቀያየሩ ያስሉ።

ለጎረቤት ተፅዕኖው ቻርጅን የኤሌክትሮን ጥግግቱን ለየአቶሙ በሚያከፋፍለው በሂርሽፌልድ ወይም በባደር ዘዴ መመልከት ይረዳል። የወርቅ ኤሌክትሮ-ኔጋቲቪቲ በፖሊንግ ሚዛን 2.54፣ የፓላዲየም 2.20 ስለሆነ ፓላዲየሙ ጥቂት አዎንታዊ ሆኖ ይጠበቃል። ሐመርና ኖርስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡትን የዲ-ባንድ ማዕከል፣ ማለትም የሜታሉን የዲ ደረጃዎች አማካይ ኢነርጂም፣ ማስላት ይቻላል፤ ነገር ግን በ13 አቶሞች ላይ «ባንድ» የሚባለው በእርግጥ የተነጣጠሉ ደረጃዎች ድምር በመሆኑ አቅጣጫ ከማመላከት ያለፈ ሸክም አይጫኑበት።

ደረጃ 8፦ ሙቀትንና ግፊትን ማስገባት

እስካሁን ያሰላነው ሁሉ በዜሮ ኬልቪን ነው። ጋዙ በክፍል ሙቀት ይጣበቃል ወይ ለሚለው መልስ የሚሰጠው የጊብስ ነፃ ኢነርጂ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ኢንትሮፒ በ298 ኬልቪንና በ1 ባር 197.7 ጁል በሞል በኬልቪን ሲሆን፣ በሙቀቱ ሲባዛ 0.61 ኤሌክትሮን ቮልት ይሆናል። ሞለኪውሉ ሲጣበቅ ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ያጣል። ስለዚህ በወርቅ ላይ በ0.5 የተያዘው ሞለኪውል በክፍል ሙቀት ለመቆየት በቂ ምክንያት የለውም፤ በፓላዲየም በ1.5 የተያዘው ግን በምቾት ይቆያል። ግፊቱ በ10 እጥፍ ሲቀንስ ደግሞ በ300 ኬልቪን ሌላ 0.06 ኤሌክትሮን ቮልት ይከፈላል፤ በ1 ቢሊዮንኛ ባር ይህ ብቻ 0.54 ይደርሳል።

ይኸው በጊዜ ቋንቋ ሲነገር ይበልጥ ያስደንቃል። ሞለኪውሉ በሰከንድ 10 ኃይል 13 ጊዜ ለመላቀቅ ይሞክራል ብለን በ300 ኬልቪን ብናሰላ፣ በ0.5 ኤሌክትሮን ቮልት የተያዘው በአማካይ 25 ማይክሮ ሰከንድ፣ በ1.0 የተያዘው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ በ1.5 የተያዘው 50 ሺህ ዓመት ገደማ ይቆያል። የ0.1 ኤሌክትሮን ቮልት የስሌት ስሕተት በክፍል ሙቀት የቆይታ ጊዜን ወደ 50 እጥፍ ስለሚቀይር፣ በደረጃ 2 ለምን እንደተጨነቅን አሁን ግልጽ ይሆናል።

ክላስተሩ ብቻውን በጋዝ ውስጥ የሚንሳፈፍ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። በመጣበቁ የወጣው 1.5 ኤሌክትሮን ቮልት የሚሰራጨው በክላስተሩ 33 የንዝረት መንገዶች ላይ ብቻ ነው፤ በክላሲካል ግምት ይህ ክላስተሩን በ500 ኬልቪን ያህል ያሞቀዋል። ከሌላ ጋዝ፣ ለምሳሌ ከሂሊየም፣ ጋር ተጋጭቶ ካልቀዘቀዘ በስተቀር ሞለኪውሉ ተመልሶ ሊላቀቅ ወይም ክላስተሩ ወደ ሌላ ቅርጽ ሊሻገር ይችላል። በዝርግ ገጽ ላይ ይህ ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም።

ደረጃ 9፦ ጋዙ አቶሞቹን ሲያፈናቅል ማየት

ወደ ደረጃ 4 ዝርዝር እንመለስ። በባዶ ቦታ ወርቅ ውጭ ፓላዲየም ውስጥ መሆንን ይመርጣል ብለናል። አሁን በእያንዳንዱ ሆሞቶፕ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይዱን በተሻለው ቦታው አጣብቀው ጠቅላላ ኢነርጂዎቹን እንደገና በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። አንድ ፓላዲየም ወደ ገጽ ለማውጣት የሚከፈለው ዋጋ፣ ሞለኪውሉ ከወርቅ ይልቅ በፓላዲየም ሲያዝ ከሚገኘው የአንድ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ትርፍ ካነሰ፣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ፓላዲየምን ወደ ገጽ እንደሚስብ በፓላዲየምና ወርቅ ቅይጥ ገጾች ላይ በሙከራ የታየ ነው።

አንድ ሞለኪውል ካልበቃ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ይጨምሩ። በእያንዳንዱ ጊዜ የመጨረሻው ሞለኪውል ብቻ ያመጣውን ኢነርጂ ይመዝግቡ፤ አማካዩን ብቻ ማየት የኋለኞቹ ምን ያህል በላላ እንደተያዙ ይሸፍናል። ሞለኪውሎቹ ሲበዙ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ ያዘነብላል፤ በደረጃ 8 የተገኘውን የነፃ ኢነርጂ ዋጋ መሸፈን ሲያቅተው፣ በዚያ ሙቀትና ግፊት ክላስተሩ ከዚያ በላይ አይጭንም። የሚገኘው ክላስተር ከጀመሩበት ጋር በቅርጽም በአቶሞች አቀማመጥም ላይመሳሰል ይችላል፤ ሙከራው የሚያየው ግን እሱን ነው።

የአቶሞቹ መለዋወጥ በኢነርጂ ተፈላጊ መሆኑ በጊዜ መቻሉን አያረጋግጥም። ኤን.ኢ.ቢ. በሚባለው ዘዴ በሁለቱ ሆሞቶፖች መካከል ያለውን መንገድ አስልተው የኮረብታውን (የኢነርጂ መሰናክሉን) ቁመት ያግኙ፤ ከላይ ያለውን የቆይታ ጊዜ ስሌት በዚህ ቁመት ላይ ቢደግሙት መለዋወጡ በሰከንድ ውስጥ ይሁን በዓመታት ይነግርዎታል።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን መዘገብ

ሌላ ሰው ሥራዎን ሊደግመው የሚችለው የሁሉንም መዋቅሮች ቅንጅት በአንግስትሮም፣ የእያንዳንዱን የስፒን ሁኔታ፣ ፋንክሽናሉን፣ ፖቴንሻሉን፣ የሣጥኑን ስፋትና የኢነርጂ ወሰኑን ካገኘ ብቻ ነው። ከአሸናፊው መዋቅር ጋር የተሸነፉትንም፣ ቢያንስ እስከ 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያሉትን፣ አብረው ያቅርቡ። በኢንፍራሬድ ሙከራ የሚሠራ ባልደረባ ያልተጠበቀ የንዝረት መስመር ሲያጋጥመው በመጀመሪያ የሚፈልገው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ በዜሮ ኬልቪን ሦስተኛ የወጣው መዋቅር በ300 ኬልቪን ከአራት ሞለኪውሎች ጋር የመጀመሪያው ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።